ለትንሽ ጀልባ መሪ ስትገዙ ከሞተሩ ጀምሩ

ለሞተር ጀልባው መሪ ሊገጥም የተነሳ ሰው መጀመሪያ የሚያየው መሪውን ነው። ክቡን። ያምራል፣ ዋጋውም ደህና ነው፣ ገዝቶ ይዞት ይሄዳል። ጣጣው የሚጀምረው ከዚያ በኋላ ነው። እኔ የምለው ግዢው ከኋላ፣ ከሞተሩ ይጀመር ነው። ክቡ መጨረሻ ይምጣ። ትንሽ ገንዘብ ይዞ ደህና መሪ መግጠም የሚቻለው በዚህ ቅደም ተከተል ብቻ ነው።

ደብረ ብርሃን ቁጭ ብሎ ስለ ጀልባ የሚያወራ ማነው ትሉ ይሆናል። እውነት ነው፣ እዚህ ያለን የበሬሳ ወንዝ ነው፤ እሱ ደግሞ የጀልባ ወንዝ አይደለም። ወጣትነቴን ግን ያሳለፍኩት ባሕር ዳር፣ የጀልባ ሞተር በሚጠገንበት ጋራዥ ነው። አሁን እዚሁ ከተማ ቶርኖና ብየዳ ቤት አለኝ። ከመንዝ፣ ከአንኮበር፣ ከሸዋ ሮቢት ወጥተው ጣና ወይም ዝዋይ ላይ የሚሠሩ ዘመዶችና የዘመድ ወዳጆች አሉ። ዕቁብ ወጥቶላቸው ወይም ከወንድም ጋር ተጋግዘው ጀልባ ይገዛሉ። ከዚያ ስልክ ይመጣል።

በቅርቡ የደወለልኝ የአጎቴ ልጅ ነው። ጣና ላይ ስድስት ሜትር የምትሆን የፋይበር ጀልባ አለችው።

«ጋሼ፣ መሪ አገኘሁ። መርካቶ ነው። ርካሽ ነው።»

«ሞተርህ ስንት ፈረስ ጉልበት ነው?»

«አርባ።»

«አግዳሚው ቱቦ ክፍት ነው ወይስ ድፍን?»

«የምን ቱቦ?»

«በል መሪውን ተወውና ሞተሩ ጋ ሂድ። ስልኩን እንዳትዘጋው።»

ያን ቀን በስልክ ያስረዳሁትን ነው አሁን ሰፋ አድርጌ የምጽፈው።

መጀመሪያ፦ መሪ ያስፈልጋችኋል?

ሞተራችሁ 15 ፈረስና ከዚያ በታች ከሆነ፣ ጀልባዋም አጭር ከሆነች፣ ከሞተሩ የወጣውን እጀታ ይዛችሁ ብትነዱ ይሻላል። የእጀታ ሞተር ቀላል ነው፣ የሚበላሽ ነገሩ ጥቂት ነው፣ ወዲያው ይታዘዛል። ጀርባችሁን ካመማችሁ ወይም ትንሽ ወደ ፊት መቀመጥ ከፈለጋችሁ የእጀታ ማስረዘሚያ አለ። ዋጋው ከመሪ ጋር አይወዳደርም። አንድ ነገር ብቻ አደራ፦ የሞተር ማጥፊያው ገመድ ሰውነታችሁ ላይ ይታሰር። ነጂ ውኃ ውስጥ ቢወድቅ ሞተሩ ወዲያው መጥፋት አለበት።

ከ25 ፈረስ በላይ ሲሆን ግን ነገሩ ይለወጣል። እጀታው ክንድ ይጎትታል። ነጂው፣ ሞተሩና የቤንዚን ጄሪካኑ አንድ ላይ ኋላ ሲከማቹ የጀልባዋ አፍንጫ ወደ ላይ ይነሳል፣ ከፊት ያለውን ማየት ይቸግራል። ይህ ለእኛ ሐይቆች ይበልጥ ይመለከታል። ጣና ወደ 1,800 ሜትር ከፍታ ላይ ነው። ካርቡሬተር ያለው ሞተር በየ300 ሜትር ከፍታው በግምት 3 በመቶ ጉልበቱን ያጣል። ስለዚህ 40 ፈረስ የተባለው ሞተር ጣና ላይ የሚሰጣችሁ ከዚያ በደንብ ያነሰ ነው። ጉልበቱ የቀነሰ ሞተር ከኋላ የተጫነች ጀልባን ቀና አድርጎ ለማስሮጥ ይቸገራል። ነጂው ወደ መሃል ሲመጣ ጀልባዋ ቀና ትላለች። እኔ ለዘመዶቼ መሪ ግጠሙ የምለው በዋናነት ለዚህ ነው፤ ምቾቱ በኋላ ይመጣል።

ሦስቱ ዓይነቶች

በገመድና በመዘውር የሚሠራ አለ። ከክቡ የተነሳ ገመድ በጀልባዋ በሁለቱም ጎን ሄዶ ሞተሩን ወዲያና ወዲህ ይጎትታል። የድሮ አሠራር ነው፣ ዛሬም እቤት የሚሠሩት አሉ። ርካሽነቱ እውነት ነው። ግን ገመዱ ይለጠጣል፣ መዘውሩ ይበላል፣ ማጥበቂያ ስፕሪንጉ ይደክማል። ገመዱ ላላ ባለ ቁጥር ክቡን ስታዞሩት ሞተሩ ቶሎ አይሰማም። ጣርማበርን አልፎ ወደ ደብረ ሲና ቁልቁል በጭጋግ የወረደ ሾፌር መሪው የሚጫወት አይሱዙ ምን ማለት እንደሆነ ያውቃል። ሰው ለምትጭን ጀልባ ይህን ዓይነት አልመክርም። በነጻ ቢሰጧችሁም።

በሌላው ጫፍ ሃይድሮሊክ አለ። በዘይት ግፊት የሚሠራ ነው። ለስላሳ ነው፣ ጠንካራ ነው፣ ለትልቅ ሞተር ግድ ነው። ዋጋው ግን ከኬብሉ ሦስትና አራት እጥፍ፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይሄዳል። ዘይቱ ቢያፈስ ጎሚኒው መቀየር አለበት፣ አየር ከገባበት አየሩ መውጣት አለበት። ሐይቅ ዳር ይህን የሚሠራ ሰውና ዕቃ ማግኘት ቀላል አይደለም። ለ40 ፈረስ ሞተር ሃይድሮሊክ መግዛት ለምን እንዳስፈለገ የሚያስረዳኝ ሰው እስካሁን አላገኘሁም።

መሃል ላይ ያለው በኬብል የሚሠራው ነው። ክቡ ሲዞር የመሪው ሳጥን ውስጥ ያለው ጥርስ የኬብሉን ልብ ይገፋል ወይም ይስባል። የኬብሉ ጫፍ ላይ ያለው የብረት ዘንግ በሞተሩ አግዳሚ ቱቦ ውስጥ አልፎ ሞተሩን ያዞራል። አንድ ኬብል ብቻውን መግፋቱንም መሳቡንም ይሠራል። ለትንሽና ለመካከለኛ ሞተር ትክክለኛው ምርጫ ይህ ነው። ከዚህ በታች የምናገረው ሁሉ ስለ እሱ ነው።

ሞተሩ ጋ ምን እንደምታዩ

ሞተሩን ከጀልባው የኋላ ግድግዳ ጋር የያዘውን ማሠሪያ እዩት። ሞተሩ ወደ ላይ ሲነሳ የሚታጠፍበት አግዳሚ ቱቦ አለ። ብዙ ሞተሮች ላይ ይህ ቱቦ ውስጡ ክፍት ነው፤ የመሪ ኬብል እንዲያልፍበት ታስቦ ነው። ትንንሽ ሞተሮች ላይ ግን ድፍን ሊሆን ይችላል። ባትሪ አብርታችሁ በቱቦው በአንድ ጎን ተመልከቱ፣ በሌላው ጎን ብርሃን ካልወጣ ወይ ድፍን ነው ወይ በደረቀ ግራሶ ተዘግቷል። የብረት ዘንግ አስገብታችሁ ለዩት።

ክፍት ከሆነ ካሊፐር ይዛችሁ ለኩት። የተለመደው ልክ የውስጡ ስፋት ወደ 16 ሚሊ ሜትር ሲሆን፣ የኬብሉ ዳዶ የሚታሰርበት ጥርስ ያለው ጫፍ ውጫዊ ስፋቱ ደግሞ 22 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። ጥርሱ አብዛኛውን ጊዜ በቀኝ በኩል ነው። ጥርሱ ተበልቶ ወይም ተመትቶ እንደሆነ በጣታችሁ ዳስሱት። ያረጀ ሞተር ላይ ይህ ጥርስ ብዙ ጊዜ ተጎድቶ አግኝቼዋለሁ።

ቱቦው ድፍን ከሆነ ነገሩ አልተበላሸም። ኬብሉን በሞተሩ ፋንታ በጀልባው የኋላ ግድግዳ ላይ የሚይዝ ማሠሪያ ይሸጣል። ግን ዋጋ ይጨምራል፣ ቦታም ይፈልጋል። ስለዚህ የመሪውን ዋጋ ከማስላታችሁ በፊት ይህን እወቁ።

ቀጥሎ ሞተሩ ፊት ለፊት ላይ አገናኝ ብረት የሚታሰርበት ቀዳዳ አለ ወይ? የኬብሉን ዘንግ ከሞተሩ ጋር የሚያያይዘው አጭር ብረት እዚያ ነው የሚታሰረው። በእጀታ ለመነዳት የተሠሩ አንዳንድ ሞተሮች ይህ መያዣ የላቸውም፤ ለብቻው መግዛት ያስፈልጋል። ሞተሩ ሲገዛ የመጣ መጽሐፍ ካለ ሥዕሉን እዩ።

ሌላም የሚረሳ ነገር አለ፣ ገንዘብ የሚያስወጣውም እሱ ነው። መሪውን ወደ ፊት ስታመጡ ነዳጅ መስጫውና ማርሹም አብረው መምጣት አለባቸው። አለበለዚያ በአንድ እጅ መሪ፣ በሌላው እጅ ወደ ኋላ ተንጠራርቶ እጀታ መያዝ ይመጣል፤ እንዲህ አድርገው የሚነዱ አይቻለሁ፣ በጣም አደገኛ ነው። የጎን መቆጣጠሪያ ሳጥን ያስፈልጋል፣ ለነዳጅና ለማርሽ ሁለት ኬብል ያስፈልጋል፣ ሞተር ማጥፊያና ማስነሻ ሽቦ ያስፈልጋል። ያማሃ ሞተር ላላችሁ 703 የሚባለው ሳጥን በብዙ ቦታ የሚታወቅ ነው። ሌላ ዓይነት ከሆነ ከሞተሩ ጋር የሚስማማ መሆኑን ጠይቁ፤ አንዱ ኩባንያ ነዳጅ ለመጨመር ኬብሉን ይገፋል፣ ሌላው ይስባል። መሪ ርካሽ ነው ብሎ የጀመረ ሰው እዚህ ጋ ገንዘቡ ያልቅበታል። ሁለቱን አንድ ላይ አስሉ።

የኬብሉ ርዝመት

ከሁሉም በላይ ትክክል መሆን ያለበት ይሄ ነው። የመሪ ኬብል አይቆረጥም፣ አይቀጠልም። ከአጠረ ከንቱ ነው። ከረዘመ ይጠማዘዛል፣ መሪው ይከብዳል። ስለዚህ ሜትር ይዛችሁ ጀልባዋ ውስጥ ግቡ።

ሦስት ልክ ውሰዱ። አንደኛው ከክቡ መሃል እስከ ጀልባዋ ጎን። ሁለተኛው ክቡ ከሚታሰርበት ሰሌዳ ጎኑን ይዞ እስከ ኋላ ግድግዳ። ሦስተኛው ከጎኑ እስከ ሞተሩ አግዳሚ ቱቦ መሃል። ደምሯቸው። ኬብሉ ዘጠና ዲግሪ በታጠፈበት ቦታ ሁሉ 10 ሴንቲ ሜትር ቀንሱ፤ ኬብሉ ጥጉን በቅስት ስለሚቆርጠው ነው። ኬብሉ በሞተሩ ቱቦ ውስጥ የሚያልፍ ከሆነ 15 ሴንቲ ሜትር ጨምሩ።

የአጎቴን ልጅ ጀልባ በስልክ እንዲህ ለካናት። የመጀመሪያው 45 ሴንቲ ሜትር መጣ። ሁለተኛው 2 ሜትር ከ90። ሦስተኛው 80 ሴንቲ ሜትር። ድምሩ 4 ሜትር ከ15 ነው። ሁለት እጥፋት ስላለ 20 ሴንቲ ሲቀነስ 3 ሜትር ከ95 ቀረ። 15 ሲጨመር 4 ሜትር ከ10። ኬብል የሚሸጠው በጫማ ስለሆነ ሜትሩን ወደ ጫማ ቀይሩት፤ አንድ ጫማ 30 ተኩል ሴንቲ ሜትር ነው። 13 ጫማ ተኩል አካባቢ ይመጣል። ሁልጊዜ ወደ ላይ ነው የሚጠጋጋው። ስለዚህ 14 ጫማ።

ግን እዚህ ላይ የጣና ሰው ማሰብ ያለበት ነገር አለ። እንቦጭ ጣና ላይ መኖሩ እ.ኤ.አ. በ2011 ከታወቀ ወዲህ ፕሮፔለር ለማጽዳት ሞተር ማንሳት የዘወትር ሥራ ሆኗል። ሞተሩ ሙሉ በሙሉ ሲነሳ ኬብሉ አብሮ ይነሳል፣ ይዞራል። ከኋላ ነጻ ሆኖ የሚንቀሳቀስ ቅስት ከሌለው ይወጠራል፣ በጊዜ ብዛት ከሥሩ ይሰበራል። ኬብሉ ከጀልባው ወጥቶ በአየር ላይ ቅስት ሠርቶ ወደ ቱቦው የሚገባ ከሆነ ሌላ 30 ሴንቲ ሜትር ጨምሩ። የእሱ ጀልባ እንዲህ ስለሆነች 4 ሜትር ከ40 ደረሰች። 15 ጫማ አዘዝን። ቅስቱ ግን ወደ ውኃው እንዳይንጠለጠል፤ እንቦጩ ይይዘዋል።

ያረጀ ኬብል የምትቀይሩ ከሆናችሁ አዲስ ልኬት ላያስፈልጋችሁ ይችላል። የኬብሉ ሽፋን ላይ የታተመ ቁጥር ፈልጉ። በብዙዎቹ ላይ የመጨረሻዎቹ ሁለት አኃዞች ርዝመቱን በጫማ ይናገራሉ። ቁጥሩ ጠፍቶ ከሆነ የፕላስቲክ ሽፋኑን ብቻ ለክታችሁ 45 ሴንቲ ሜትር ጨምሩበት። ይህ ክብ ሳጥን ላለው መሪ ነው። ቀጥ ያለ ጥርስ ላለው ግን 75 ገደማ ነው የሚጨመረው፤ የሁለቱን ልዩነት ከታች እነግራችኋለሁ።

ኬብሉ የሚያልፍበትን መንገድም አስቡበት። የቅስቱ ግማሽ ስፋት ከ20 ሴንቲ ሜትር ማነስ የለበትም። ጠበብ ብሎ ከታጠፈ መሪው ከመጀመሪያው ቀን ይከብዳል፤ ግራሶ አያድነውም። እጥፋት ባነሰ ቁጥር ጥሩ ነው።

ሳጥኑ

ሁለት ዓይነት ነው። ክብ ሳጥን ያለው ትንሽ ቦታ ይይዛል፣ ርካሽ ነው፣ ለመግጠም ይቀላል። ቀጥ ያለ ጥርስ ያለው ከሰሌዳው ኋላ ሰፊ ቦታ ይፈልጋል፣ ግን ሲነዱት ይበልጥ ቀጥተኛ ስሜት አለው። ለትንሽ ጀልባ ክብ ሳጥኑ ይበቃል።

ሳጥኑ ላይ ለስንት ፈረስ እንደተሠራ ተጽፏል። ከቀላሎቹ አንዳንዶቹ እስከ 55 ፈረስ ናቸው፤ ለ40 ይበቃሉ። ከፍታው ጉልበት ይቀንሳል ብያለሁና ትንሽ ልግዛ አትበሉ፤ ሞተሩ ላይ የተጻፈው ቁጥር ነው የሚቆጠረው። እንዲያውም ጀልባዋ ላይ ልትሸከም የምትችለው ትልቁ የፈረስ ጉልበት ተጽፎ እንደሆነ መሪውን በዚያ ልክ ግዙት። ነገ ሞተሩን ብታሳድጉ መሪው አይቀየርም።

በስም ደረጃ ብዙ ጊዜ የምታገኙት ቴሌፍሌክስ፣ ሲስታር፣ ዶሜቲክና የጣሊያኑ አልትራፍሌክስ ነው። የመጀመሪያዎቹ ሦስቱ አንድ ቤተሰብ ናቸው። ቴሌፍሌክስ የጀልባ ክፍሉን እ.ኤ.አ. በ2011 ሸጠው፣ ሲስታር ተባለ፤ በ2017 ደግሞ ዶሜቲክ ገዛው። ያረጀ ሳጥን ላይ ቴሌፍሌክስ የሚል አይታችሁ መለዋወጫው ጠፋ ብላችሁ አትደንግጡ። በውጭ ገበያ ሳጥን፣ ኬብልና ማሠሪያ ያለው ሙሉ ስብስብ ብዙ ጊዜ ከ150 እስከ 300 ዶላር ውስጥ ነው። እዚህ ሲደርስ መጓጓዣውና ቀረጡ ይጨመርበታል። የአንዱን ሳጥን ከሌላው ኬብል ጋር አትቀላቅሉ፤ የሚገቡ ቢመስሉም።

ሻጮች ክቡ በሞተሩ ጉልበት እንዳይጎተት የሚቆልፍ ሳጥን አለ ይሏችኋል። አለ፣ ጥሩም ነው። እጃችሁን ከክቡ ብታነሱ ሞተሩ በራሱ ወደ አንድ ጎን አይሄድም። ግን ከመክፈላችሁ በፊት በነጻ የሚሠራውን ሞክሩ። ከፕሮፔለሩ በላይ፣ ከጠፍጣፋው ሰሌዳ ሥር፣ ትንሽ የዓሣ ክንፍ የመሰለች ብረት አለች። በአንድ ቦሎን ነው የተያዘችው። ጀልባዋ ወደ ቀኝ በቀላሉ የምትዞር፣ ወደ ግራ የምትከብድ ከሆነ የክንፏን የኋላ ጫፍ ትንሽ ወደ ቀኝ አዙሯት። ወደ ግራ ከቀለለ ወደ ግራ። በጥቂት ሚሊ ሜትር ጀምሩ፣ ነድታችሁ እዩ፣ እንደገና አስተካክሉ። ብዙ ጊዜ ይህ ብቻ ይበቃል። ካልበቃ ያኔ የሚቆልፈውን ግዙ።

መሪው በየትኛው ጎን ይሁን? በቀኝ። አብዛኛው ነጠላ ሞተር ፕሮፔለሩ ከኋላ ሲታይ በሰዓት አቅጣጫ ነው የሚዞረው፤ ጀልባዋን ወደ ግራ ሊያዘነብላት ይሞክራል። የነጂው ክብደት በቀኝ ሲሆን ያመጣጥነዋል። የቱቦው ጥርስም አብዛኛውን ጊዜ በቀኝ ስለሆነ ኬብሉ በአጭሩ ይሄዳል።

የት ይቆጠብ፣ የት አይቆጠብ

ሳጥኑ ያገለገለ ቢሆን ችግር የለውም። በእጃችሁ አዙሩት፣ የሚያንቋቋ ወይም የሚዘል ጥርስ ካለው ተዉት፤ እኩል የሚዞር ከሆነ ውሰዱ። ክቡም ያገለገለ ሊሆን ይችላል። የመኪና ክብ በቶርኖ አስተካክለህ ግጠምልኝ የሚሉኝ አሉ፤ እኔ አልሠራም። የጀልባ መሪ ዘንግ ሾጠጥ ያለ ነው፣ ክቡም ለእሱ ተብሎ የተሠራ ነው። በብየዳ የተያዘ ክብ ማዕበል ላይ በእጅ ቢቀር ምን ይባላል?

ኬብል ግን አዲስ ይሁን። ያገለገለ ኬብል ከውጭ ደህና ይመስላል፣ ውስጡ ግን ውኃ ገብቶበት ልቡ ዝጎ ሊሆን ይችላል፤ አይታይም። ሽፋኑ ያበጠ፣ የተሰነጠቀ፣ ዘንጉ ሥር ቡናማ ዝገት ያነባ ኬብል ካያችሁ በዘይት አሽታችሁ ለማዳን አትሞክሩ። መጣል ነው ያለበት።

ሌላው የምትቆጥቡበት ነገር የሐይቅ ውኃ ጨው አልባ መሆኑ ነው። ሻጩ ለባሕር ውኃ የሚሆን ሁሉ ነገሩ የማይዝግ ብረት የሆነውን ውድ ዓይነት ሊሸጥላችሁ ይችላል። ለጣናና ለዝዋይ ተራው ይበቃል። ቦሎንና ዳዶው ብቻ የማይዝግ ይሁን።

ለአካባቢያችሁ ቶርኖ ቤት የሚሰጥና የማይሰጥ ሥራም አለ። የመሪ ሰሌዳው ከኋላው የሚደገፍበት ጠፍጣፋ ብረት፣ የኬብል መያዣ ክላምፕ፣ ሰፋ ያለ ሮንዴላ ይሰጥ፤ በርካሽ ይሠራል። ፋይበሩ ስስ ስለሆነ ሰሌዳው ሳይደገፍ ሳጥን አይታሰርበት፤ ውሎ አድሮ ይሰነጠቃል። አገናኝ ብረቱን ግን አታሠሩ። በብየዳ አታስረዝሙት፣ አታጣምሙት። ልኩ የማይገባ ከሆነ ልኩ የሆነውን ግዙ።

ሲገጠም

መግጠሙ ግማሽ ቀን አይፈጅም፤ አንድ ነገር ላይ ግን ጊዜ ስጡ። አገናኝ ብረቱ አንድ ጫፉ ከኬብሉ ዘንግ፣ ሌላው ጫፉ ከሞተሩ ጋር ይታሰራል። በጠቅላላው ሁለት ማሠሪያ ነው። ከሁለቱ አንዱ ከተፈታ ክቡ በባዶ ይዞራል፣ ሞተሩ ወደፈለገው ይሄዳል። ስለዚህ እዚህ ላይ ተራ ዳዶ አይገባም። ውስጡ የናይለን ቀለበት ያለው፣ ራሱን የሚቆልፍ ዳዶ ነው የሚገባው። ስታስገቡት መጀመሪያ በጣት ይዞራል፣ ከዚያ ቦሎኑ ናይለኑ ጋ ሲደርስ ይከብዳል፤ ከዚያ በኋላ በቁልፍ ብቻ ነው የሚሄደው። እስከ መጨረሻው በጣት የሚዞር ከሆነ ናይለኑ አልቋል፣ ጣሉት። አንዴ የተፈታ የናይለን ዳዶ መልሳችሁ አትጠቀሙበት። ጠብቆ ካለቀ በኋላ የቦሎኑ ጥርስ ከናይለኑ አልፎ መታየት አለበት። መገጣጠሚያው ደግሞ ሳይደርቅ መንቀሳቀስ አለበት፤ ሞተሩ ሲዞርና ሲነሳ እሱም ይታጠፋል። ስንት ጠብቆ እንደሚታሰር ከዕቃው ጋር በሚመጣው ወረቀት ላይ አለ፤ እሱን ተከተሉ።

ኬብሉን ከማስገባታችሁ በፊት ቱቦውን አጽዱ። ያረጀ ግራሶ እንደ ሙጫ ይደርቃል። መሪያችን ከበደ ብለው ከሚደውሉልኝ አብዛኞቹ ችግራቸው ኬብሉ ሳይሆን ይህ የደረቀ ግራሶ ነው። ዱላ ላይ ጨርቅ ጠቅልላችሁ በነጭ ጋዝ እየነከራችሁ ብርሃን እስኪታይበት አውጡት። ከዚያ ውኃ የማያጥበው አዲስ ግራሶ ቀቡ። ወደፊት በግራሶ መርፌ ስትሞሉም ዘንጉን መጀመሪያ ወደ ውስጥ አስገቡት። ተዘርግቶ እያለ ከሞላችሁት ግራሶው መሄጃ አጥቶ ይቆልፈዋል።

ሁሉም ከታሰረ በኋላ ጀልባዋ መሬት ላይ እያለች እንዲህ ፈትሹ። ክቡን ወደ ቀኝ አዙሩ፤ ጀልባዋ ወደ ቀኝ እንድትሄድ የፕሮፔለሩ ጎን ወደ ቀኝ መውጣት አለበት። ከዳር እስከ ዳር ሲዞር ሦስት ዙር አካባቢ ነው። ሞተሩ ቀጥ ሲል ክቡ መሃሉ ላይ ይሁን፣ ወደ ሁለቱም ጎን የሚቀረው ዙር እኩል ይሁን። አሁን አንድ ሰው ሞተሩን በሁለት እጁ ጥርቅም አድርጎ ይያዝ፤ እናንተ ክቡን ቀስ ብላችሁ ወዲያና ወዲህ አድርጉት። ሞተሩ ሳይነካ ክቡ ምን ያህል እንደሚሄድ እዩ። አዲስ ኬብል ላይ ትንሽ ነው መሆን ያለበት። ብዙ ከተጫወተ የሆነ ቦታ ያልጠበቀ ነገር አለ። በመጨረሻ ሞተሩን ሙሉ በሙሉ አንሱት፣ እንደተነሳ ክቡን በሁለቱም አቅጣጫ አዙሩ። ኬብሉ፣ የነዳጅ ቱቦውና ሽቦዎቹ የትም ሲጠመዱ ወይም ሲወጠሩ ካያችሁ ማሠሪያቸውን ቀይሩ።

ውኃ ላይ ስትወጡ ጠዋት ይሁን፣ ነፋስ ሳይነሳ። ሰው አትጫኑ። የማጥፊያው ገመድ እግራችሁ ላይ ይታሰር። መጀመሪያ በዝቅተኛ ፍጥነት በሁለቱም ጎን ሰፊ ክብ ሥሩ፣ ከዚያ ቀስ በቀስ ጨምሩ። ስትመለሱ ሁለቱን የናይለን ዳዶዎችና የቱቦውን ትልቅ ዳዶ በቁልፍ ፈትሹ። የመጀመሪያው ሳምንት ሲያልቅ ድገሙት፤ ከዚያ በኋላ በየወሩ። ትርፍ ሁለት ዳዶና አንድ ቁልፍም ከጀልባዋ አይለዩ።